የ42 ደቂቃ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ገልብጬ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጀማሪዋ፦
ውድ አባላት፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀብዬ ከተቀመጥሁ 3 ሰዓት ሆነኝ፤ ከ42 ደቂቃው ቃለ መጠይቅ የጨረስሁት ግን 11 ደቂቃውን ብቻ ነው። ጣቶቼ ቀርፋፎች መሆናቸውን አውቃለሁ። በዚህች ሌሊት የትየባ ፍጥነቴን የማሻሽልበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።

ነባር አባል፦
እህቴ፣ ሥራውን ከመቀበልዎ በፊት የ5 ደቂቃ ቅጂ ገልብጠው ጊዜዎን መለካት ነበረብዎት። ልምድ ያለው ሰው እንኳ ጥራት ላለው የ1 ሰዓት ድምፅ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ጀማሪ ደግሞ 6 ወይም 8 ሰዓት ቢፈጅበት አያስገርምም። ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በድምፁ ርዝመት እንጂ በደከሙበት ሰዓት ስላልሆነ፣ ይህን ሳያሰሉ በዋጋ መስማማት ራስን መጉዳት ነው።

ባለ ማዳመጫው፦
የችግሩ ምንጭ ጣትዎ አይመስለኝም። ድምፁን የሚያቆሙት በምንድን ነው? በማውዝ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር እጅዎ ከኪቦርዱ ተነሥቶ ማጫወቻውን ይፈልጋል፣ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ወደ ጽሑፉ እስኪመለስ ድረስ የሰሙት ቃል ይጠፋብዎትና እንደገና ያዳምጣሉ። ኦትራንስክራይብ (oTranscribe) የተባለውን ክፍያ የሌለው ድረ ገጽ ይክፈቱ፤ ማጫወቻውና መጻፊያው በአንድ መስኮት ላይ ናቸው። በ«ኢስኬፕ» ቁልፍ ያቆማሉ፣ ያስጀምራሉ፤ በ«ኤፍ 1» ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ በ«ኤፍ 3» ንግግሩን ያዘገያሉ።

ፈጣን መንገድ፦
ድምፅን በራሱ ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር ፕሮግራም ለምን አይሰጡትም? የሚቀርዎት ማረም ብቻ ይሆናል።

ነባር አባል፦
ደንበኛው ሳይፈቅድ እንዳያደርጉት። ቃለ መጠይቅ የሰዎች ምሥጢር ሊኖርበት ይችላል። በተጨማሪም እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች አንዳንድ ጊዜ ያልተባለውን የተባለ አስመስለው ይጽፋሉ፤ ያንን የሚያገኘው ደግሞ ድምፁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳመጠ ሰው ብቻ ነው።

ሌሊት ሠራተኛ፦
እኔም የምለው አቋራጭ ቁልፎችን ይጠቀሙ ነው። ማውዙን ከጠረጴዛው ላይ ያንሡት።

አራሚ፦
ደንበኛው የጠየቀው ምን ዓይነት ግልባጭ ነው? ሁሉም እንደተባለ የሚጻፍበት ነው ወይስ ንጹሕ?

ጀማሪዋ፦
መመሪያው «ንጹሕ» ይላል። እኔ ግን ስሕተት እንዳይሆንብኝ እያንዳንዱን «እ...» እና ሳሉን ሳይቀር ጽፌአለሁ።

አራሚ፦
እንግዲያውስ ብዙው ጊዜዎ የሄደው እዚያ ላይ ነው። ተናጋሪው «እ... እኔ ማለት... እኔ ሥራውን፣ ሥራውን ስጀምር፣ ያው፣ አልገባኝም ነበር» ካለ፣ በንጹሕ ግልባጭ «እኔ ሥራውን ስጀምር አልገባኝም ነበር» ብለው ይጽፋሉ። የሚወጣው መንተባተቡና ለትርጉሙ የማያስፈልገው መሙያ ቃል ነው እንጂ የተናጋሪውን ቋንቋ ማሳመር አይፈቀድም። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ በእኛ ቋንቋ የተደገመ ቃል ሁሉ መንተባተብ አይደለም። «ሁለት ሁለት ሰጡን» ያለውን «ሁለት ሰጡን» ብለው ቢጽፉ ለእያንዳንዱ የደረሰው ቀርቶ የሁሉም ድርሻ ሁለት ብቻ ይሆናል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቼ ደንበኛው መልሶልኛል።

ጀማሪዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 9ኛው ደቂቃ ላይ ያለችውን አንዲት ቃል ከ20 ጊዜ በላይ ሰምቼም አልለየኋትም፤ ምን ላድርግ?

አራሚ፦
ሦስት ጊዜ ሰምተው ካልለዩት በቅጂው ላይ ያለበትን ደቂቃና ሰከንድ ጠቅሰው [አልተሰማም 09:14] ብለው ይለፉት፤ መመሪያው የራሱ ምልክት ካለው ግን እሱን ይጠቀሙ። ቃሉ የሰው ወይም የቦታ ስም ከሆነ በኋላ ተናጋሪው ጥርት አድርጎ ሊደግመው ስለሚችል፣ ሲጨርሱ ይመለሱበታል። በግምት አይሙሉት፤ አንባቢው ግምትዎን ከተባለው መለየት አይችልም።

ባለ ማዳመጫው፦
የቀረዎት 31 ደቂቃ ድምፅ ነው። እስካሁን በሄዱበት አካሄድ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በአቋራጭ ቁልፍና በንጹሕ አጻጻፍ ግን ለ1 ደቂቃ ድምፅ 7 ደቂቃ ቢፈጅብዎት 4 ሰዓት አይሞላም። ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ የት እንደደረሱ ይመልከቱና፣ የማይደርስ ከመሰለዎት ጠዋትን ሳይጠብቁ አሁኑኑ ለደንበኛው ይጻፉ።

ሌሊት ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ደረሰልዎት?