ፕሪሚየም ቤንዚን የተጨመረበትን ገንዘብ በኪሎሜትር ይመልሳል ወይ? (ክርክር)

ስሌት፦
ለክርክር ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ነው። ኦክቴኑ (በግፊት ውስጥ በራሱ ላለመንደድ ያለው አቅም) ከፍ ያለው ቤንዚን፣ ፕሪሚየም የምንለው፣ ከመደበኛው በላይ የሚከፈልበትን ገንዘብ በነዳጅ ቁጠባ ይመልሳል ወይ? የእኔ አቋም አይመልስም ነው።

መኪናው በ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር ይበላል እንበል። ፕሪሚየሙ በ20 በመቶ የሚወደድ ከሆነ ወጪው እኩል እንዲመጣ ፍጆታው ወደ 6.67 ሊትር መውረድ አለበት። በሊትር 12.5 ኪሎሜትር ይሄድ የነበረው 15 መሄድ ይጠበቅበታል ማለት ነው። ይህን ያህል ለውጥ ከኦክቴን ብቻ መጠበቅ አይቻልም። የአሜሪካው አውቶሞቢል ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2017 አምራቾቻቸው ፕሪሚየም “ይመከራል” ያሏቸውን መኪኖች ፈትሾ ነበር። ያገኘው አማካይ የፍጆታ መሻሻል 2.7 በመቶ ነው። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ያኔ ከ20 እስከ 25 በመቶ ነበር። ተቃውሞ ያለው ሰው ቁጥር ይዞ ይምጣ።

ዳገት፦
ስሌት፣ አማካዩን ብቻ ይዘህ አትሂድ። በዚያው ፈተና የ2016ቱ ካዲላክ ኤስካሌድ ፍጆታው በ7.1 በመቶ ሲሻሻል፣ አውዲ ኤ3 ደግሞ በ1 በመቶ ብሶበታል። ሞተር ከሞተር ይለያል። እኔ የምከራከረው ለቱርቦ ሞተሮች ነው፤ ያውም ጭነት ይዘው ዳገት ለሚወጡት።

ቱርቦው አየሩን አምቆ ያስገባል፣ ፒስተኑ በላዩ ይጠቀጥቀዋል። በዚህ ግፊትና ሙቀት ኦክቴኑ ያነሰ ቤንዚን ከካንዴላው የተነሳው ነበልባል ሳይደርሰው ጥግ ላይ በራሱ ይነዳል። ኖክ የምንለው እሱን ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የተበተነ የሚመስለው ድምፅ። ኮምፒውተሩ ይህን ሲሰማ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚለቅበትን ቅጽበት፣ ሦስትም አምስትም ዲግሪ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ቤንዚኑ ዘግይቶ ሲነድ ፒስተኑን በወጉ ሳይገፋ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። የጭሱ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ቱርቦውና ካታላይዘሩ እንዳይቃጠሉ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ቤንዚን እየረጨ ያቀዘቅዛቸዋል። ድብልቁ ከላምዳ 1 (አየሩም ቤንዚኑም ሳይተርፍ ከሚነድበት ልክ) ወደ 0.85 ከወረደ ለዚያው አየር 18 በመቶ ገደማ ትርፍ ቤንዚን እየፈሰሰ ነው። ያ ቤንዚን ለማቀዝቀዣ የሚባክን ነው፣ መኪናውን አይገፋም። ፕሪሚየም ይህን ብክነት ያዘገየዋል።

ስሌት፦
ስለ አሠራሩ አልከራከርህም፣ የገለጽከው ልክ ነው። ጥያቄዬ ምን ያህል ጊዜ ይከሰታል የሚለው ነው። ሜዳ ላይ በ90 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ነዳጅ መርገጫው በትንሹ ብቻ የተከፈተ ነው፤ የሲሊንደሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ኖክ የለም፣ ታይሚንግ አይጎተትም፣ ድብልቁም ላምዳ 1 ላይ ነው። እዚያ ላይ ፕሪሚየም የሚያድነው ነገር ምንድን ነው? ኤስካሌድም ቢሆን 7.1 በመቶ አትርፎ 20 በመቶ ከፍሏል።

ላቦራቶሪ፦
ክርክሩ ከመቀጠሉ በፊት አንድ ነገር ላስተካክል፤ አንዳንድ ሰው ፕሪሚየም “ኃይለኛ ቤንዚን” ይመስለዋልና። ኦክቴን የጉልበት መለኪያ አይደለም። ቤንዚኑ በግፊት ውስጥ በራሱ ከመንደድ ምን ያህል ራሱን ይይዛል የሚለውን ነው የሚለካው። አይሶ-ኦክቴን የተባለው ፈሳሽ 100፣ ሄፕቴን የተባለው ደግሞ 0 ተብለው ለመለኪያ ተይዘዋል። 95 የተባለ ቤንዚን በመፈተሻው ሞተር ላይ የሚያንኳኳው 95 እጅ አይሶ-ኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን ተቀላቅሎ በሚያንኳኳው ልክ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ኃይል ግን በመደበኛውም በፕሪሚየሙም 32 ሜጋጁል ገደማ ነው።

ኦክቴንና ኃይል የተለያዩ ለመሆናቸው ከኤታኖል የበለጠ ማስረጃ የለም። ኦክቴኑ ሮን በሚባለው መለኪያ ከ100 በላይ ነው፣ በሊትር የሚይዘው ኃይል ግን 21 ሜጋጁል ብቻ። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ፍጆታውን ወደ 3 በመቶ ያስጨምራል። ስለዚህ መደበኛው ኤታኖል ያለበት፣ ፕሪሚየሙ የሌለበት ከሆነ የምታዩት ቁጠባ የኦክቴን ላይሆን ይችላል። በተቃራኒውም እንደዚሁ።

ቁጥሮቹንም አታምታቱ። የኦክቴን መለኪያው ሁለት ነው፣ ሮንና ሞን። ሮን የሚለካው ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር እየዞረ ሲሆን፣ ሞን በ900 ዙርና ድብልቁ በደንብ ሞቆ ነው። አሜሪካ ማደያዎች ላይ የሚጻፈው የሁለቱ አማካይ ነው። ስለዚህ የእነሱ 87 በሮን ወደ 91፣ የእነሱ 93 ደግሞ ወደ 98 ይጠጋል። የአሜሪካ መኪና መመሪያ ላይ “91” የሚል ያነበበ ሰው ሮን 91 ቀድቶ ትእዛዙን የፈጸመ ይመስለዋል። የሚያስፈልገው ግን ሮን 95 ወይም 96 ነበር።

ካንዴላ፦
እህቴ ላቦራቶሪ፣ የሚያጸዳው ነገርስ? ፕሪሚየም ኢንጀክተርና ቫልቭ ስለሚያጸዳ ውሎ አድሮ ይቆጥባል የሚሉ አሉ።

ላቦራቶሪ፦
የሚያጸዳው ቤንዚኑ ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ ኬሚካል፣ ዲተርጀንቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ከኦክቴን ጋር አይገናኝም። በ2004 ቢኤምደብሊው፣ ጄነራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ሆነው ያቋቋሙት ቶፕ ቲር የሚባለው መስፈርት አንድ ኩባንያ የሚሸጣቸው የቤንዚን ዓይነቶች ሁሉ፣ መደበኛውም ጭምር፣ በቂ ዲተርጀንት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ትሪፕል ኤ በ2016 ባወጣው ጥናት መስፈርቱን በማያሟሉ ቤንዚኖች የሮጠ ሞተር ማስገቢያ ቫልቭ ላይ የተጠራቀመው ካርቦን ከሚያሟሉት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 19 እጥፍ ነበር። ለንጽሕና የምትከፍሉ ከሆነ ዲተርጀንቱን ጠይቁ።

በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ኢንጀክተር ያለው ሞተር ላይ ደግሞ ቤንዚኑ የማስገቢያ ቫልቩን ጀርባ ጭራሽ አይነካውም። የፈለገው ዲተርጀንት ቢኖረው የሚያጸዳው የኢንጀክተሩን ጫፍ ነው፤ የቫልቩ ካርቦን ማስገቢያው ተፈቶ በእጅ ወይም በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ነው የሚነሳው።

ቴስታታ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ሞተሩ ጤነኛ ነው ብላችሁ ተነሥታችኋል። ጋራዥ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ አይደለም። መኪናው ዳገት ላይ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ባለቤቱ ፕሪሚየም ይቀዳል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ “ፕሪሚየም ተስማማው” ይባላል። በሽታው ግን እዚያው ነው።

በመደበኛ ቤንዚን እንዲሠራ የተፈበረከ ሞተር ካንኳኳ ምክንያት አለው። ፒስተኑ ራስና ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ የተጋገረ ካርቦን ቦታውን አጥብቦ ኮምፕሬሽኑን (አየሩ የሚጨመቅበትን መጠን) ከፍ ያደርገዋል፣ የጋለው ቅንጣትም እንደ ፍም ሆኖ ያቀጣጥላል። ኢጂአር ቫልቩ ተዘግቶ ከቀረ የተቃጠለ ጭስ ተመልሶ ስለማይገባ የሲሊንደሩ ሙቀት ይጨምራል። ቴርሞስታቱ በደንብ ካልከፈተ ወይም ራዲያተሩ በከፊል ከተደፈነ ውጤቱ ያው ነው። ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን አየር የሚስብ ሞተር ድብልቁ ሊን ይሆናል፣ ቤንዚኑ ለአየሩ ያንሳል። ከታዘዘው በላይ የሚግል ካንዴላ የገባበትም አለ። እነዚህን ትቶ ኦክቴን መጨመር ማለት በየቅጂው (ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር) እየከፈሉ ጉዳቱን ማቆየት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከቅርብ እዩ፤ ኖክ ሴንሰሩን። ብሎኩ ላይ በአንድ ቡሎን የሚታሰር ቀለበት መሰል ነገር ነው። ውስጡ ያለው ክሪስታል ብሎኩ ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ቮልት ያመነጫል፤ ኮምፒውተሩም የኖክን ድምፅ ከሌላው ለይቶ የሚያውቀው በዚያ ነው። በብዙ ሞተሮች ቡሎኑ የሚጠብቀው በ20 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ከላላ አይሰማም፣ ከጠበቀ ደግሞ የተዛባ ይሰማል። ከሥሩ ዝገት ወይም የደረቀ ማስቲሽ ካለም እንደዚሁ። ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ከተበላሸ ፒ0325 የሚል ኮድ ይመዘገባል፣ ኮምፒውተሩም ለጥንቃቄ ብሎ ታይሚንጉን ወደ ኋላ ጎትቶ ያስቀምጠዋል። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሞተር 98 ቢቀዳለትም መጠቀም አይችልም፤ የሚሰማበት ጆሮ የለውምና።

ዳገት፦
ጋሼ ቴስታታ ያሉት ትክክል ነው። ግን ጤነኛው ሞተርስ? ማዝዳ ለሲኤክስ-9 ቱርቦው ራሱ ያወጣው ቁጥር አለ፤ በአሜሪካው 93 ኦክቴን 250 የፈረስ ጉልበት፣ በ87 ደግሞ 227። ይህ በአምራቹ የታመነ ልዩነት ነው።

ስሌት፦
ያ የጉልበት ቁጥር ነው፤ እየተከራከርን ያለነው ስለ ፍጆታ ነው። እስከ ጥግ ለረገጠ ሰው 23 ፈረስ ይጨምርለታል፣ ላልረገጠ ሰው ያ ጉልበት አይነካም። ኮምፕሬሽኑ ከፍ ስላለ ብቻ ፕሪሚየም ያስፈልጋል የሚለውም አይሠራም። የቶዮታ ፕሪየስ 1.8 ሊትር ሞተር 13 ለ1 ኮምፕሬሽን አለው፣ የሚታዘዝለትም መደበኛ ነው። ማስገቢያ ቫልቩ ዘግይቶ ስለሚዘጋ በእውን የሚጨመቀው አየር ከተጻፈው ያነሰ ነው።

ቴስታታ፦
መመሪያው ላይ ያለውን ቃል ለዩ። “የግድ” ካለ ክርክር የለም፣ እሱኑ ቅዱ፤ ጉዳዩ ቁጠባ ሳይሆን ፒስተንና ፋሻ ማትረፍ ነው። “ይመከራል” ካለ የእናንተ ክርክር ይመለከተዋል። ምንም ካላለ ገንዘባችሁን ያዙ። ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን ወደፊት የሚገፋበት ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው በመደበኛ ቤንዚን ከተደረሰ ከዚያ በላይ ያለው ኦክቴን ሥራ ፈት ነው።

ካንዴላ፦
“ይመከራል” ለሚለው መኪና እንዴት አድርገን እንለካው? ፕሪሚየም ቀድቶ “ብዙ ሄደልኝ” የሚል ሰው እኮ ብዙ ነው።

ስሌት፦
አብዛኛው “ብዙ ሄደልኝ” የአሞላል ስሕተት ነው። ማደያው አንድ ጊዜ ቀድሞ ቢዘጋና 1 ሊትር ቢጎድል፣ በ40 ሊትር ላይ 2.5 በመቶ ነው። ይህ እንግዲህ ትሪፕል ኤ ካገኘው አማካይ መሻሻል ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም! ቤንዚን ደግሞ በየ10 ዲግሪ ሙቀቱ 1 በመቶ ገደማ ይለጠጣል። አራቱም ጎማ በ5 ፒኤስአይ ከጎደለ ሌላ 1 በመቶ ይሄዳል። በአንድ ቅጂ የሚለካ ሰው የሚለካው እነዚህን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይደረግ። ጎማው በቀዝቃዛው ይሞላ፣ በየሳምንቱም ይታይ። ቅጂው ሁልጊዜ በአንድ ማደያ፣ በአንድ መቅጃ፣ መኪናው በዚያው አቅጣጫ ቆሞ፣ ጠዋት ይሁን። መቅጃው መጀመሪያ ሲዘጋ ይቁም፣ ከዚያ በላይ አይጨመቅ። ሦስት ቅጂ መደበኛ፣ አራት ፕሪሚየም፣ እንደገና አራት መደበኛ። ዓይነቱ በተቀየረ ቁጥር የመጀመሪያው ቅጂ አይቆጠርም፤ ሰልባትዮው ውስጥ 10 ሊትር 91 ቀርቶ 40 ሊትር 95 ቢጨመርበት የሚገኘው 94.2 ነውና። የመጨረሻው መደበኛ ከመጀመሪያው ጋር ካልተቀራረበ መንገዱ ወይም አየሩ ተቀይሯል ማለት ነው፣ ሙከራው ይጣላል።

ዳገት፦
እኔ በዚህ ላይ ስካነር እጨምራለሁ። ኦቢዲው (የመኪናው የምርመራ ሶኬት) ላይ ተሰክቶ የታይሚንግ አድቫንስና የሚገባው አየር ሙቀት ይነበብ። አንድ የታወቀ ዳገት ይመረጥ፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ጭነት ይወጣ። በሁለቱም ቤንዚን የሚነበበው ታይሚንግ ከ1 ዲግሪ በላይ ካልተለያየ፣ ስሌት፣ ያን ጊዜ ላንተ እለቅልሃለሁ። በመደበኛው 4 ወይም 5 ዲግሪ ከተጎተተ ግን ኦክቴኑ ሥራ እየሠራ ነው።

ስሌት፦
ሥራ መሥራቱን እቀበላለሁ፣ ሒሳቡን ግን እንጨርሰው። ዳገቱ ከጠቅላላው ቤንዚን 30 በመቶውን ይበላል፣ ፕሪሚየም ደግሞ እዚያ ላይ 8 በመቶ ያድናል እንበል። ከጠቅላላው የዳነው 2.4 በመቶ ነው።

ዳገት፦
ቀኑን ሙሉ ተሳቢ እየጎተተ ለሚወጣ ቱርቦ መኪና ድርሻው 70 በመቶ ቢሆንስ? 5.6 በመቶ ይሆናል። የዋጋው ልዩነት 5 በመቶ በሆነበት ቦታ የሚፈለገው ቅናሽ 4.8 በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይመልሳል።

ስሌት፦
እሱን አልክድም። ልዩነቱ ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ያንተም ተሳቢ ጎታች ይከስራል፤ እኔ 20 ብዬ ስነሣ ደግሞ አንተ ወደ 5 አውርደህ ነው ያሸነፍከው።

ዳገት፦
አዎ፣ ምክንያቱም ሁኔታ ሳትለይ “አይመልስም” ብለህ ነበር የጀመርከው።

ቴስታታ፦
ሙከራውን የምትሠሩ ከፕሪሚየም ወደ መደበኛ ስትመለሱ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮምፒውተሩ የተማረውን ታይሚንግ ወዲያው አይለቅም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎሜትሮች ያለ ጭነት፣ ነዳጅ መርገጫውን ሳትደፉ ንዱ። ዝቅ ባለ ፍጥነት በከፍተኛ ማርሽ ዳገት አትግፉ፣ ማርሽ ቀንሱና ሞተሩ ይዙር። ጠጠሩን ከሰማችሁ እግራችሁን አንሡ። ከሁለተኛው ቅጂ በኋላም እያንኳኳ ከቀጠለ ሙከራውን አቁማችሁ መጀመሪያ ሴንሰሩንና ኢጂአሩን አስፈትሹ።