ጊዜያዊው አሰልጣኝ ወንበሩ ይጽናለት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ዋናው አሰልጣኝ ተሰናብቶ ምክትሉ ቡድኑን በጊዜያዊነት ይዟል፤ አከታትሎም እያሸነፈ ነው። ደጋፊው «ቋሚ ይሁን» ይላል። ቦርዱ ምን ያድርግ? (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከደብረ ማርቆስ፦
ውድድሩ ሳያልቅ አይፈረምለት። የአሰልጣኝ ሶልሻየርን ነገር በቁጥር እንየው። ማንቸስተር ዩናይትድ ዋና አሰልጣኙን ሞሪንሆን በዲሴምበር 2018 አሰናብቶ እሱን በጊዜያዊነት አስቀመጠ። የመጀመሪያዎቹን 8 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ፤ ከ19 ጨዋታም 14ቱን። ማርች 28 ቀን 2019 የ3 ዓመት ውል ተሰጠው። ከዚያ እስከ ውድድር ዓመቱ ፍጻሜ 10 ጨዋታ አድርጎ ያሸነፈው 2 ብቻ ነው። ይህችን ደግሞ ልብ በሉልኝ፦ እንደመጣ ካርዲፍን 5 ለ 1፣ ሃደርስፊልድን 3 ለ 1 ረትቶ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እነዚሁ ቡድኖች ተመልሰው መጡ፤ ከሃደርስፊልድ 1 ለ 1 ወጣ፣ በካርዲፍ በገዛ ሜዳው 2 ለ 0 ተሸነፈ። ሁለቱም በዚያው ዓመት ወራጅ ናቸው! ታዲያ ያ ሁሉ ድል የአሰልጣኙ ችሎታ ነው ወይስ የሞሪንሆ መሄድ ያመጣው እፎይታ?

ከባህር ዳር፦
ወንድሜ፣ ሒሳቡን ግማሽ መንገድ ላይ አቆምከው። ሶልሻየር በተከታዩ ዓመት 3ኛ፣ ቀጥሎ 2ኛ ወጥቷል። በ2021 ለዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ በቪያሪያል የተሸነፈው በፍጹም ቅጣት ምት 11 ለ 10 ነው። የተሰናበተውም በኖቬምበር 2021። በ10 ጨዋታ ከፈረድን በ8 ጨዋታ መፍረድም ይፈቀድልን።
ባየርን ሙኒክን እንመልከት። ዋና አሰልጣኙ ኮቫች በፍራንክፈርት 5 ለ 1 ተሸንፎ ሲለቅ ምክትሉ ፍሊክ ተረከበ። መጀመሪያ የተሰጠው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ እስከ ገና፣ ከዚያ እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ፣ በኤፕሪል 2020 ደግሞ እስከ 2023። በዚያው ዓመት ሦስቱን ትልልቅ ዋንጫ አነሳ፤ ባርሴሎናን 8 ለ 2 የረታውም ያኔ ነው። ደረጃ በደረጃ ማራዘም እያለ «አሁን ይፈረም» ወይም «ይባረር» ብሎ መወጣጠር ለምን አስፈለገ?

ከፍኖተ ሰላም፦
ሁለታችሁም ውጤት ትቆጥራላችሁ፤ እኔ ልምምዱ ላይ ምን እንደሚለወጥ ልናገር። ጊዜያዊ አሰልጣኝ ሥራውን ያቀላል። ተቀያሪ ወንበር ላይ የከረሙትን ያሰልፋል፣ ሁሉንም ተጫዋች በሚወደው ቦታ ይመልሳል፣ የተከላካይ መስመሩን ወደ ኋላ ስቦ በመልሶ ማጥቃትና በቆመ ኳስ ይጫወታል። ይህ በሁለት ሳምንት ልምምድ ይያዛል፣ ለጥቂት ጨዋታም በደንብ ይሠራል። ከዚያ ተጋጣሚ ቪዲዮውን አይቶ ኳሱን ለእናንተ ትቶ በራሱ ሜዳ ይቆለፋል። የተቆለፈ ተከላካይ መክፈት ደግሞ የሳምንታት የቅድመ ውድድር ዝግጅት ይፈልጋል፤ በጨዋታና በጨዋታ መሀል በሚገኝ ሦስት ቀን አይሆንም።
ዲ ማቴዮን ያገኘው ይህ ነው። ቼልሲን በማርች 2012 ተረክቦ፣ ባርሴሎና ሜዳ ላይ በጎደሎ ተጫዋች ተከላክሎ 2 ለ 2 ወጥቶ፣ ሙኒክ ላይ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ በላ። ቋሚ ሲሆን ግን ሃዛርድና ኦስካር ተገዝተውለት አጥቂ ቡድን እንዲሠራ ተጠየቀ። በኖቬምበር በጁቬንቱስ 3 ለ 0 ተሸንፎ በማግስቱ ተሰናበተ። የተፈተነበትና የተቀጠረበት ሥራ ለየቅል ነበር።

ከቡሬ፦
ልጆች፣ ወደ አገራችን ሊግ ኑ። እኛ ዘንድ ፕሪሚየር ሊጉ ከ2020 ወዲህ በተመረጡ ከተሞች በዙር ነው የሚካሄደው። ቡድኑ ሳምንታት ሙሉ ሆቴል ይከርማል፣ የሜዳ ጥቅም የለም። እዚያ ላይ የተጫዋቹን ጠባይ የሚያውቅ ምክትል ከውጭ ከመጣ ሰው በእጅጉ ይልቃል። ይህን የአውሮፓ ቁጥር አያሳያችሁም።
ደግሞ የአሰልጣኝነት ፈቃዱን ሳታዩ አትፈርሙ። የፈረንሳዩ ሬምስ በ2022 ዊል ስቲልን በጊዜያዊነት ሾሞ፣ ልጁ በሊጉ 17 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆየ። ከፍተኛው የአሰልጣኝነት ፈቃድ ስላልነበረው ግን ክለቡ በየጨዋታው 25,000 ዩሮ ይቀጣ ነበር። የከተማ አስተዳደር በጀት እንዲህ ያለውን አይችልም።

ከደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ፣ የሆቴሉን ነገር ተቀብያለሁ፤ እርስዎ ያሉት ግን ምክትል ሆኖ እንዲቀጥል እንጂ ዋና እንዲሆን አያስገድድም። ተጫዋች የሚያማክረው ሰውና ተጫዋች የሚቀንሰው ሰው አንድ ሲሆን ቅርርቡ ይበላሻል።

ከሞጣ፦
እንግዲያው ውሉ ላይ ይጻፍ፦ ካልጸና በቀድሞ ደመወዙ ወደ ምክትልነት ይመለሳል። ይህ ካልተጻፈ ቦታውን ላለማጣት ሲል ወጣት ማሰለፍ ይፈራል። ነጥቡን ትታችሁም ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ቡድኑ ሲመራ ብቻ ሳይሆን ግብ ቀድሞ ሲገባበት ምን ቀየረ? ከደካማ ቡድን ጋር ስንት ንጹሕ የግብ ዕድል ፈጠረ? እሱ ለቆት የመጣውን የምክትልነት ሥራስ ማን እየሠራው ነው? ሦስተኛውን ማንም አይጠይቅም፤ ቡድኑ በድካምና በጉዳት የሚፈርሰው ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ክፍተት ነው።

ከባህር ዳር፦
የሞጣዋ እህታችን ያለችው ላይ ቀኑን ልጨምር። የብዙ ተጫዋቾች ውል ሰኔ 30 ያልቃል፣ የከተማው በጀትም ሐምሌ 1 ይጀምራል። ደብረ ማርቆስ እንደሚለው ውድድሩ እስኪያልቅ ከጠበቅን፣ የማን ውል እንደሚታደስ ማን ይወስናል? ሥራ አስኪያጁ? ግንቦት ላይ አዎ ወይም አይ ይባል።