እማዬን ይዤ ሞዘል ልሄድ ነው፣ የትኛው ግንብ ይሻላል?

ሽፍት_ላይ_ነኝ
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ፣ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር ልትቆይ ነው፣ እስካሁን ያየችው ነገር ቢኖር የኔን ሳሎን፣ ሱፐርማርኬቱንና ቤተክርስቲያንን ነው፣ ምን ላርግ ሽፍት ነው የምሠራው። አሁን ኦክቶበር ላይ ሁለት ቀን እረፍት አግኝቻለሁ እና አንዷ የሥራ ጓደኛዬ ሞዘል ወንዝ ጋ ውሰጃት፣ ወንዙም ግንቡም ጫካውም እዛው ነው አለችኝ።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ መኪና የለኝም፣ በዶይችላንድ ቲኬት (በየወሩ የሚከፈል የባቡርና የአውቶብስ ቲኬት) ነው የምንቀሳቀሰው። እማዬ 67 ዓመቷ ነው ጉልበቷን ያማታል፣ ሜዳ ላይ ግን እኔን ጥላኝ ነው የምትሄደው፣ ደረጃ ነው ጠላቷ። የ9 ዓመት ልጅም አለኝ፣ ሙዚየም ሲባል ገና ከቤት ሳንወጣ ይደክመዋል። ደግሞ እማዬ መጠጥ በአፏ አይዞርም፣ የወይን አገር ወስጄ ምን ላሳያት ነው? ኮኸም የሚባለውና ኤልዝ የሚባለው ግንብ ሁለቱም ፎቶ ላይ ያምራሉ፣ በአንድ ቀን ይቻላል? እሷማ ፎቶውን ሳሳያት "ከፋሲል ግንብ ይበልጣል?" አለችኝ፣ እሱን እናንተ መልሱላት ኪኪኪ

ኮብሌንዝ_ሰፈሬ
እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ። እኔ ኮብሌንዝ 11 ዓመቴ ነው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሞዘል የምወስደው እኔ ነኝ፣ እና ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሪው። ይቻላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ እናትሽን ከባቡር አውቶብስ ከአውቶብስ ባቡር ስታሯሯጫቸው ይመሻል።

አንዱን ምረጪ ካልሽኝ ኤልዝ። ሞዘል አካባቢ ካሉት ግንቦች ብዙዎቹን የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ወታደሮች በፈረንጅ 1689 አፍርሰዋቸዋል፣ ኤልዝ ግን ሳይፈርስ ቀረ፣ ከ800 ዓመት በላይ ያው አንድ ቤተሰብ ነው የያዘው እስከዛሬ። የኮኸሙ እኮ በ1868 አንድ የበርሊን ሀብታም ነጋዴ ፍርስራሹን ገዝቶ እንደገና ያሠራው ነው፣ 1877 ነው ያለቀው፣ ከታች ሆነሽ ስታዪው ያምራል አልክድም፣ ለኔ ግን የሠርግ ኬክ ነው የሚመስለኝ።

ኤልዝ ወንዙ ዳር አይደለም ጫካ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስትሄጂ ስትሄጂ ዛፍ ብቻ ነው፣ ከዛ አንድ ኩርባ ላይ ድንገት ከእግርሽ በታች ብቅ ይላል፣ ቁልቁል ነው የምታዪው፣ አንዲት ድንጋይ ላይ ቆሞ ጅረት በሦስት በኩል ዞሮታል። የድሮው 500 ማርክ ኖት ጀርባ ላይ ያለው ስዕል እሱ ነው።

አካሄዱን በተመለከተ፣ ከሞዘልከርን ጣቢያ በጅረቱ ዳር በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ መንገዱ ልብ ያርሳል፣ ግን ወደ መጨረሻው ዳገት ስላለ ለእናትሽ ይቅር። በሲዝኑ ከሀጸንፖርትና ከትራይስ ካርደን ጣቢያ አውቶብስ አለ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚመጣው፣ የመመለሻውን ሰዓት ሳታዪ እንዳትወርጂ! እኔ አማቼን ይዤ የመጨረሻው አመለጠኝና በስልክ መብራት ጫካውን ወረድን፣ እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ዳዊት እየደገሙ እኔ ባትሪው 9 ፐርሰንት እያለኝ፣ እስከዛሬ ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ይነሳብኛል። አውቶብሱ ካወረደሽ በኋላ ያለውን ቁልቁለት የምታመላልስ ሚኒባስም አለች፣ ሽቅቡን በሷ ይመለሱ። ውስጡን ያለ አስጎብኚ አያስገቡም፣ ፎቶም ክልክል ነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ዘግተው እስከ ኤፕሪል አይከፍቱም፣ ስለዚህ ኦክቶበር መሆኑ ጥሩ ነው።

ለፋሲል ጥያቄ፣ በዕድሜ ኤልዝ ይበልጣል፣ በግርማ ሞገስ ግን እኔ ጎንደሬ ስለሆንኩ ዳኛ መሆን አልችልም።

የትሪሯ
የሠርግ ኬክ ያልከው ወንድሜ ጉልበትህ ደህና ስለሆነ ነው ሃሃሃ። ኤልዝ ውስጥ እኮ ከክፍል ክፍል ደረጃ ነው፣ ጠባብ፣ ደግሞ ከግሩፑ ጋር መሄድ አለብሽ፣ ልረፍ ቢሉ ማረፊያ የለም። እህቴ እኔ ብሆን ኮኸምን ነው የምይዘው። ባቡሩ ከተማው ውስጥ ያወርድሻል፣ ወደ ግንቡም በሲዝኑ አውቶብስ አለ፣ ወይ ጭራሽ አትውጡ፣ ወንዙ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ነው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ እሱ ወደናንተ ይይ። ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ወንዙ ሞልቶ የደረሰበት ልክ ከነዓመተ ምህረቱ ተጽፏል፣ ከራስ በላይ የሆነ አለ፣ ልጁን አጠገቡ አቁመሽ ፎቶ አንሺው።

ከዛ ከኮኸም ወደ ባይልሽታይን የሚሄደውን መርከብ ያዙ፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። መሃል ላይ ግድብ አለ፣ መርከቡ ረጅም የሲሚንቶ ሳጥን የመሰለ ነገር ውስጥ ይገባል፣ ከኋላ በሩ ይዘጋል፣ ግድግዳው እርጥብ ነው ጥቁር፣ እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪው ይመስላል፣ ከዛ ውሃው ቀስ እያለ ከስር ይሞላና መርከቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ግድግዳው ወደ ታች የሚሰምጥ ነው የሚመስለው። የኔ ልጅ ከግንቡ ሁሉ የሚያስታውሰው ይቺን ነው። ወንዙ ላይ ከፈረንሳይ ጀምሮ እስከ ኮብሌንዝ እንደዚህ ያለ 28 አለ፣ ባይኖር ጭነት መርከብ አያልፍም ነበር።

ባይልሽታይን ትንሽዬ ናት፣ ላይዋ የፈረሰ ግንብ፣ ከሱ ዝቅ ብሎ የድሮ የካርሜሎች (የካቶሊክ መነኮሳት) ቤተክርስቲያን አለ፣ ውስጡ ጥቁሯ ማርያም የሚሏት ምስል አለች። ደረጃ አለው አልዋሽሽም፣ ብዙ ነው፣ ግን እማማ ማርያም መሆኗን ከሰሙ ጉልበታቸውን እንደሚረሱት ዋስ እሆናለሁ።

በሁለተኛው ቀን ትሪር ኑ፣ ከኮኸም በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ልክ ከጣቢያው እንደወጣ 4 ኪሎሜትር ከምናምን ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ ከ1879 ጀምሮ ያለ ነው፣ ጆሮ ይደፍናል። ፖርታ ኒግራ የሮማውያን በር ነው፣ በ170 አካባቢ የተሠራ፣ ድንጋዩን ያለ ጭቃ ያለ ኖራ በብረት እያቆላለፉ ነው የደረደሩት። ከዛ ደግሞ እናትሽ የደርግን ዘመን ስላዩ የካርል ማርክስ የትውልድ ቤት አለ ብለሽ አስደንግጫቸው ኪኪኪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋ ያለው ቀይ ድንጋይ ጭንቅላት ባለቤት እኮ የዚህ ልጅ ነው፣ በ1818 ነው የተወለደው። ያኔ ስሙን በግዴታ ያጠናነው ሰዎች ማንም ያልነገረን ነገር፣ ጋዜጠኛ እያለ በ1843 ስለ ሞዘል ወይን ገበሬዎች ድህነት ጽፏል፣ አባቱም ወይን እርሻ ነበራቸው። በ2018 ቻይና ትልቅ ሐውልት ሰጥታ ከተማው መሃል ቆሟል።

ጉደር_በበረዶ
እኔ ደግሞ ግንብ አይገባኝም የወይኑን ልናገር። ሁለት ዓመት መኸር ላይ ለቀማ ሠርቻለሁ እዛ። እህት፣ የማይጠጣ ሰው እዛ አይሰለችም፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ማሳው ነው። ብሬም የምትባል ቦታ ካልሞንት የሚሉት ተራራ አለ፣ ዳገቱ እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከአውሮፓ እጅግ ቀጥ ካሉት አንዱ ነው። ማሽን አይወጣም፣ ሰው ነው የሚለቅመው፣ ወይኑን በአንድ ሐዲድ በሚሳብ ጋሪ ነው የሚያወርዱት። መሬቱ አፈር እንዳይመስልሽ፣ ጥቁር እንደ ምጣድ ስብርባሪ ያለ ስስ ድንጋይ ነው፣ ቀን የፀሐይ ሙቀት ጠጥቶ ማታ ለወይኑ ይመልሳል፣ ስትረግጪው ቅልቅል ብሎ ይንሸራተታል። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ በቂጤ ወርጃለሁ፣ ስድስት ማዳበሪያ ጤፍ የተሸከምኩ ሰው ነበር የምመስለው ሲመሽ። አፈሩ የኛ የሰሜን ተራራ ገበሬ ቢሰጠው ይስቅ ነበር፣ እዛ ግን ከሱ ነው ሪስሊንግ የሚሉት ነጭ ወይን የሚወጣው።

ኦክቶበር ስለሆነ ፌደርቫይሰር ታገኛላችሁ፣ መፍላት የጀመረ ገና ያልጠራ የወይን ጭማቂ ነው፣ በኛ ጉሽ በይው፣ ጣፋጭ ስለሆነ ያታልላል እናትሽን "ጁስ ነው" ብለሽ እንዳትሸውጂ! ለሳቸውና ለልጁ ትራውበንዛፍት አለ፣ ያልፈላ ጭማቂ፣ ከገበሬው ቤት የሚገዛው ከሱቁ ጋር አይገናኝም። ፌደርቫይሰር ወደ ቤት ከገዛሽ ጠርሙሱን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ስለሚተነፍስ ክዳኑ ሆን ተብሎ አይጠብቅም። እኔ ቦርሳ ውስጥ አጋድሜው ከትሪር እስከ ኮብሌንዝ የባቡሩ ወለል ላይ ፈሰሰ፣ ሰው ሁሉ ጫማው እየተጣበቀ ያየኝ ነበር።

ሌላ፣ መንደር ውስጥ ስትሄዱ በር ላይ የቅርንጫፍ እቅፍ ወይ መጥረጊያ ተሰቅሎ ካያችሁ ግቡ። ሽትራውስቪርትሻፍት ይሉታል፣ ገበሬው የራሱን ወይን ብቻ በዓመት ቢበዛ አራት ወር የሚሸጥበት ቤት ነው። እኛ ጠላ ቤት በር ላይ እንጨት ጫፍ ጣሳ እንደምንሰቅለው ማለት ነው፣ ለእናትሽ አሳያቸው ወዲያው ይገባቸዋል። የሽንኩርት ኬክ ያቀርባሉ፣ የሚፆሙ ከሆነ ግን ስጋ ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቂ።

ሽፍት_ላይ_ነኝ
ውይ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የጠላ ቤቱ ላይ ሳቀች፣ ጥቁሯ ማርያም ላይ ስንደርስ ግን "እዛ ነው የምንሄደው" ብላ ስብሰባውን ዘጋችው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ኮኸምና መርከቡ፣ እዛው እናድራለን፣ ሁለተኛው ቀን ወይ ትሪር ወይ ኤልዝ እንደ ጉልበቷ። ኮብሌንዝ_ሰፈሬ አትቀየመኝ፣ በአማችህ ታሪክ ፈርቼ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ መርከቡ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ይሄዳል?

የትሪሯ
አብዛኛውን ጊዜ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አሉ፣ ግን ውሃ ሲሞላ ወይ ጭጋግ ሲሆን ይቀራል፣ ጠዋት ደውለሽ አረጋግጪ። ጋቢ ያዢላቸው፣ ወንዙ ላይ ነፋሱ ክፉ ነው።

ኮብሌንዝ_ሰፈሬ
አልቀየምም። ኤልዝን ለልጁ በአፕሪል አስቀምጪለት፣ የአውቶብሱን ሰዓት እኔ አይልሻለሁ።