«ምልምል ወታደር» በግዴታ የተወሰደንም ይጨምራል?

ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴን የኢሚግሬሽን ፎርም እየሞላሁ አንድ ቦታ ላይ ተቸግሬ ቆሜያለሁ። ውትድርና የገባው በፈቃዱ ነው ወይስ በግዴታ ይላል ጥያቄው።

አባቴን በ1977 ቀበሌ ጠርቶ ነው በብሔራዊ ውትድርና የላከው። በ1975 በወጣው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉት ስድስት ወር ሠልጥነው ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ ይገደዱ ነበር። እጁ ላይ ያለው ወረቀት ግን ማኅተሙ ደብዝዞ «ምልምል ወታደር» የሚለው ብቻ ነው የሚነበበው፤ አስተርጓሚው በፈቃዱ የተቀጠረ ብሎ ተረጎመው። እኔ እስከማውቀው መመልመል መመረጥ ነው፣ ወዶ ይሁን ተገዶ አይናገርም። «ተቀጠረ» ቢል ኖሮ አልከራከርም ነበር። አባቴ «ወዶ ዘማች አልነበርኩም» እያለ እንቅልፍ አጥቷል፤ በዚህ ዕድሜው ውሸታም እንዳይባል በጣም እሰጋለሁ።

በዚያን ጊዜ ሠራዊቱ ውስጥ የነበራችሁ እናቶችና አባቶች፦ በግዴታ የመጣውም፣ ቋሚ ሠራዊት ውስጥ የተቀጠረውም ሥልጠና ላይ ሳለ «ምልምል» ነበር የሚባለው? ወረቀቱ ላይ ልዩነታቸው በምን ይታወቅ ነበር? ለአስተርጓሚው የማሳየው ነገር ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ቀጠሮው ደርሶብናል።