ደሴቱ ዳር ዳሩን ብቻ ያበራል፤ ቤታ ህዋሳቱ የታሉ?

ተማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአይጥ ቆሽት ያወጣናቸውን የላንገርሃንስ ደሴቶች (ሆርሞን የሚያመነጩ የህዋሳት ስብስቦች) ካልሲየም ሲያገኝ በሚያበራው ቀለም በፍሉዎ-4 እየቀለምኩ ካልሲየም እከታተላለሁ። ግሉኮሱን ከ3 ወደ 11 ሚሊሞላር ስጨምር ዳር ካሉት ህዋሳት ብዙዎቹ ይበራሉ። ጥቂቶቹ ግን በ3 ሚሊሞላርም ብልጭ ድርግም ይላሉ። መሃሉ ድፍን ጨለማ ነው። ብርሃኑም እየቆየ ይወርዳል። አማካሪዬ «መሃል ያሉት ሞተው ይሆናል» አሉኝ። የሚያበሩትስ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ቤታ ህዋሳት መሆናቸውን በምን ልለይ?

ኮንፎካል
እህቴ፣ መሃሉን ለመቅበር አትቸኩዪ። ይህ ቀለም ህዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ እዚያው እንዲቀር ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ መጀመሪያ ያገኙት ህዋሳት ይዘው ያስቀሩታል። ደሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ህዋሳት የተጠቀለሉበት ኳስ ነው። ውጪው ሲጠግብ መሃሉ ጾሙን ያድራል። ለማጣራት ፕሮፒዲየም አዮዳይድ የሚባለውን ቀለም ጨምሪ፤ ቀይ የሚሆነው የሞተው ብቻ ነው።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። በአይጥ ደሴት ውስጥ ቤታዎቹ በብዛት መሃሉን ይይዛሉ፤ የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርገውን ሆርሞን፣ ግሉካጎንን፣ የሚያመነጩት አልፋዎች ዳር ላይ ናቸው። ቀለምሽ ዳሩን ብቻ ካገኘ፣ ከምትለኪው ውስጥ አልፋ ከሚገባው በላይ ይበዛል ማለት ነው። በ3 ሚሊሞላር ብልጭ የሚሉትን እኔ አልፋ ናቸው ብዬ ነው የምጠረጥረው። አልፋ የሚነቃው ስኳር ሲያንስ ነውና። ይህን ሳትለዪ አማካይ ብታወጪ ውጤቱ የማንንም ባህሪ አያሳይም።

ስለዚህ በሙከራው መጨረሻ አድሬናሊን ስጪያቸው። አልፋው ካልሲየሙን ከፍ ያደርጋል፣ ቤታው ይቀዘቅዛል። በሌላ ደሴት ላይ ደግሞ ግሉኮሱ 11 ሚሊሞላር ላይ እያለ ዳያዞክሳይድ የሚባለውን መድኃኒት ሞክሪ። ቤታ ግሉኮስ ሲያቃጥል የህዋሱ የኃይል ምንዛሪ የሆነው ኤቲፒ ይጨምራል፤ ያ የፖታሲየሙን በር ይዘጋል፤ የህዋሱ ቮልቴጅ ይቀየርና ካልሲየም ይገባል። ዳያዞክሳይድ በሩን ከፍቶ ስለሚይዘው ቤታው ጸጥ ይላል።

የብርሃኑ መውረድ ሌዘሩ ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው ሊሆን ይችላል፤ በ37 ዲግሪ ደግሞ ቀለሙ ከህዋሱ ቀስ በቀስ ይወጣል። የሌዘሩን ኃይል ቀንሺ፣ ምስል የምታነሺበትንም ጊዜ አራርቂው።

ፉራ ወዳጅ
በዚህስ እኔ ሌላውን የካልሲየም ቀለም፣ ፉራ-2ን ነው የምመክረው። በ340 እና በ380 ናኖሜትር እያበራሽ የሁለቱን ንጽጽር ስለምትወስጂ የቀለሙ መጠን ቢቀንስም ንባቡ ብዙም አይዛባም። ለዋናው ችግር ግን መፍትሔው ቤታ ውስጥ ብቻ ጂካምፕ (ካልሲየም ሲያገኝ የሚያበራ ፕሮቲን) የሚሠሩ አይጦች ናቸው። ቀለም መጫን የሚባል ጣጣ የለም፤ መሃሉም ያበራል። ጥልቅ ለማየት ባለሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ ካገኘሽ ደግሞ እሰየው።

ተማሪዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ጂካምፕ ያለው አይጥ የለንም፤ በአድሬናሊኑ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ህዋሱ ሲበራ ኢንሱሊን ወጣ ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

ኮንፎካል
አትጻፊው። ካልሲየም ትእዛዙ ነው፤ ኢንሱሊን መውጣቱን ለብቻው መለካት አለብሽ። ደሴቶቹ ላይ የሚፈሰውን ፈሳሽ በየደቂቃው እየሰበሰብሽ ኢንሱሊኑን በኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል በሚሠራ ምርመራ) ለኪ። ከዚያ የካልሲየሙንና የኢንሱሊኑን መስመሮች በተመሳሳይ የጊዜ መለኪያ ጎን ለጎን አስቀምጫቸው።