ፉከራን ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ላስተምር ወይስ ልተወው?

የበሬሳዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ 14 ዓመት ሞላኝ። አምና ደግሞ የክወናና ዕይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ተደረበልኝ። የሚይዘው ሰው ስለጠፋ ነው። "አንቺ ግጥም ታውቂያለሽ፣ ድምፅም አለሽ" ተባልኩ፣ በቃ። ሰባተኛ "ሀ" 58 ልጆች አሉኝ። አንዱ የራሴ ልጅ ነው።

የሙዚቃ መሣሪያ የሚባል ነገር የለንም። ስለዚህ የአባቴን ማሲንቆ ከቤት ይዤ መሄድ ጀመርኩ።

አባቴ የመንዝ ገበሬ ነበር። በማሲንቆ አልተዳደረም። ማታ ከእርሻ ገብቶ፣ እራት እስኪደርስ፣ ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ ይገዘግዝ ነበር። ሰርግና ማኅበር ሲኖር ይጠሩታል። ሲሞት እናቴ ማሲንቆውን በባና፣ በሱፍ ብርድ ልብስ፣ ጠቅልላ ቆጥ ላይ ሰቀለችው። ስጠይቃት "ያስተማርኩሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?" አለችኝ። በዚያ ላይ ሴት ነኝ። በኛ አገር ማሲንቆ የወንድ እጅ ነው የለመደው። ሦስት ዓመት ለምኛት ሰጠችኝ። ስትሰጠኝም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።

የደብረ ብርሃንን አየር ታውቁታላችሁ። እርጥበት ሲሆን ቆዳው ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል። ክፍለ ጊዜው ባለበት ቀን ጠዋት ከሰል አያይዤ ቡናው እስኪፈላ ማሲንቆውን ትንሽ አስጠጋዋለሁ። በጣም ከቀረበ ይሰነጠቃል። አባቴ እንዲያ ሲያደርግ ነው ያየሁት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። አንዱ ልጅ ከኋላ መጥቶ ክሩን በጣቱ ነካ አደረገና "ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ድምፅ ከአንድ ክር ነው?" አለኝ። የፈረስ ጭራ ነው ስለው አላመነኝም።

ኅዳር ላይ "ከየቤታችሁ የምታውቁትን ዜማ አምጡ" አልኳቸው። እሹሩሩ ያመጣ አለ። አበባዮሽ ያሉ ሴቶች አሉ። ከዚያ የኔ ልጅ ተነሳ። ያመጣው ፉከራ ነው፤ ከስልክ ላይ የለመደው። የሰሌዳውን ማስመሪያ እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አጋደመና "ዘራፍ!" አለ። ክፍሉ ዴስክ እየደበደበ አጀበው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ ሞቀ። የአባቴን ድምፅ የሰማሁ ነው የመሰለኝ። ማሲንቆውን አንስቼ ተቀበልኩት።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ አለች። ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው መጠለያ ውስጥ ከሚኖሩት ቤተሰቦች ናት። ቀና ስል የሹራቧን አንገት እስከ ጆሮዋ ስባዋለች። ሁለቱም እጆቿ ሹራቡን ከላይ ጨምድደው ይዘዋል፤ የጣቶቿ አንጓ ነጥቷል። አላለቀሰችም። ሰሌዳውን ነው የምታየው። ደጋኑ እጄ ላይ ቀጥ አለ። አጠገቧ ሄጄ ምን እንደሆነች ጠየቅኋት። "ምንም። ስትጨርሱ ንገሩኝ" አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉም የየራሱን ይለኛል። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ "ይሄ ነገር ፖለቲካ ነው፣ ተዪው" አለኝ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ "የአባቶቻችንን ባህል ልትቀብሪው ነው?" አለኝ። ባሌ ሹፌር ነው፣ የደሴ መስመር ይሠራል። መንገድ ተዘግቶ ደብረ ሲና ላይ ሁለት ሌሊት መኪና ውስጥ አድሮ ያውቃል። እሱ "ጠመንጃ ጠመንጃ የሚል ዘፈን ቤቴ አይግባ" ብሏል። ልጄም ተቀይሞኛል። "አያቴ ይፎክር አልነበር እንዴ?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ፉከራና ሽለላን ዘልዬው ልለፍ? ካስተማርኩስ እንዴት አድርጌ? በክፍል ውስጥ ያያችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ሒሳብ መምህር፣ ሸዋ ሮቢት፦

እህቴ፣ እኔ ግልጹን ልንገርሽ። ተዪው። በ2016 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ልጆች ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም 3.2 በመቶ ነበሩ። የኛ ልጆች ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት ገበታ የራቁበት ጊዜ ቀላል አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ደርሰው አንቀጽ አቀላጥፈው የማያነቡ አሉኝ። ያንን ክፍለ ጊዜ ለንባብ ብታውይው ይሻላል ባይ ነኝ። ሙዚቃ ጠልቼ አይደለም። ጊዜው ስላነሰን ነው።

የአንኮበር ልጅ፦

በዚህ አልስማማም። በ1888 ከሸዋ ተነስቶ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ያለ ቀረርቶና ሽለላ አልተንቀሳቀሰም። ልጆቹ ይሄን ከትምህርት ቤት ካልሰሙት ከቲክቶክ ይሰሙታል። መምህርት፣ ልጅሽም የለመደው ከስልክ ነው ብለሻል። ታዲያ ማን ያስተምረው? የተፈናቀለችዋ ልጅ ነገር ግን ከልቤ አዝኛለሁ። ለእሷ ምን እንደሚደረግ እኔም መልስ የለኝም።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እኔ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሞላሌ አካባቢ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ቀን ሕፃናት፣ ማታ በኩራዝ ጎልማሶች አስተምራለሁ። በዚያው ዘመን ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቼን አሰልፌ፣ ግራ እጃቸውን ጨብጠው እንዲያነሱ አድርጌ አዘምሬያቸዋለሁ። ታዝዤ ነው፤ ግን ያዘመርኩት እኔ ነኝ። ካዘመርኳቸው ልጆች ግንባር ሄደው ያልተመለሱ አሉ። አሁን 74 ዓመቴ ነው። ያ ዜማ በድንገት ሲመጣብኝ ፊታቸው ይመጣል። የትኛው የት ይቀመጥ እንደነበር ሳይቀር አስታውሳለሁ። ስለዚህ ያቺ ልጅ ጆሮዋን ስትሸፍን ደጋንሽን ማቆምሽ ልክ ነው። እኔ አላቆምኩም ነበር።

ግን ተዪው አልልሽም። ልጆቹ ቀረርቶውን፣ ሽለላውን፣ ፉከራውን አንድ አድርገው ነው የሚያዩት። ቀረርቶ ዜማው ይጎተታል፣ ሆድ ያባባል። ሽለላ ያነሳሳል፣ ደም ያሞቃል። ፉከራ ደግሞ ንግግር ነው። ሰውዬው ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ስሙንና ሥራውን ይቆጥራል። የሠራውን ነው የሚቆጥረው። ያልሠራውን ሲፎክር ድሮ ይሳቅበት ነበር።

ሥራ ደግሞ ጦርነት ብቻ አይደለም። መንዝ ውስጥ በደቦ ገብስ ሲታጨድ ስንቱ ማጭድ ይዞ ሲፎክር አይቻለሁ! በበሬው ይፎክራል። በተራራ ጫፍ ባረሰው ማሳ ይፎክራል። ማታ ፊደል የማስቆጥራቸው ሽማግሌዎች ቀን በአጨዳው ላይ ይሄን ያስተምሩኝ ነበር።

እናትሽ በሕይወት ካሉ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አባትሽ ሲፎክሩ እጃቸው ላይ ምን ነበር?

ክራር ደርዳሪ፦

ከጋሼ በኋላ መናገር ይከብዳል። እኔ ስለ ዕቃው ልጨምር። አዲስ አበባ ልጆች ክራር አስተምራለሁ።

ማሲንቆ አንድ ክር ስላለው ድምፁን የሚፈልገው የተጫዋቹ ጣት ነው። ለ58 ልጅ አይሆንም። አንቺ ተጫወቺው፣ እነሱ ይዝፈኑበት። እነሱ እንዲነኩ ከፈለግሽ ቀላሉ ክራር ነው። አምስት ክር፣ አምስት ድምፅ። ቅኝቶቻችንም፣ ማለት ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ አሰላለፎች፣ አምስት አምስት ድምፅ ናቸውና አንዴ ከቃኘሽው ልጁ የትኛውንም ክር ቢመታ ከቅኝቱ አይወጣም። ስድስተኛ ክር ያለው ካገኘሽ ያው የመጀመሪያው ድምፅ ነው ወደ ላይ የሚደገመው። ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከሦስት እንጨትና ከዓሣ ማጥመጃ ክር ራሳቸው ይሠሩታል። ቆርቆሮውን ሲቆርጡ ግን ጠርዙን አንቺ እጠፊላቸው፤ እኔ ጋ አንድ ልጅ እጁን ቆርጧል።

ትዝታ ከሚባለው ቅኝት ጀምሪ። ፒያኖ ለሚያውቅ ሰው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ማለት ነው። ፋ እና ሲ የሉም። ከዚያ ባቲ፣ ከዚያ አምባሰል፤ ሁለቱም ስማቸው ከወሎ ነው። አንቺሆዬን ለመጨረሻ አቆዪው። ድምፆቹ በጣም ስለሚቀራረቡ ጆሮ የለመደ ልጅ እንኳ ይስታቸዋል። ፉከራ የጠመንጃ ብቻ የሚመስላቸው ልጆች መጀመሪያ ትዝታን በደንብ ቢይዙ፣ በራሳቸው ዜማ ላይ የራሳቸውን ቃል ማስቀመጥ ይችላሉ።

ሴት ነኝ ስላልሽው፦ አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ ስትወጣ ለሴት ልጅ መድረክ ራሱ ነውር ነበር። እሷ ወጥታ ስለተጫወተች ነው እኔ ዛሬ ሴቶች ልጆች የማስተምረው።

የበሬሳዋ መምህርት፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ኔትወርኩም፣ የፈተና እርማቱም ነው።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስጠይቃት መጀመሪያ ሳቀች። "አባትሽ ጠመንጃ መቼ ነበረውና? ጅራፍ ነበር የሚይዘው" አለችኝ። ቀጥላም በበሬው ስም ሲፎክር የሚለውን፣ ስንት ጥማድ አርሶ እንደገባ፣ ውርጭ የበላው ገብስ ላይ እንዴት እንደሚዝት፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ልጄ አጠገቤ ነበር። ደብተሩን አምጥቶ ጻፈው። እኔ አላዘዝኩትም።

ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያቺን ልጅ ለብቻዋ ጠራኋት። ስለ ገበሬ ፉከራ እንደምንማር፣ ማስመሪያ ትከሻ ላይ እንደማይወጣ፣ ካልፈለገች ውጭ ፀሐይ ላይ መሆን እንደምትችል ነገርኳት። "እቀመጣለሁ" አለች። በሩ አጠገብ ቦታ ቀየርኩላት። ልጄ ጅራፉን ይዞ ተነሳና የአያቱን ፉከራ አለ። ጅራፉን አላስጮኸውም፤ ስለዚያም ተነጋግረን ነበር። ክፍሉ መጀመሪያ ሳቀ። ስለ ውርጩ ሲመጣ ግን ዝም አሉ። ገብስ በውርጭ የተቃጠለበት ቤተሰብ ያላቸው ብዙዎች ናቸው።

የሒሳቡ መምህር፣ ያነሱት የንባብ ነገር አሳስቦኝ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ስንኝ ጽፎ እንዲያመጣ አደረግሁ። ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምት፣ ስንኙ ስድስት በስድስት ቀለም ሆኖ። ቀለሙን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ እየሰረዙ ይጽፋሉ። አንቀጽ ማንበብ የሚከብደው ልጅ የራሱን ስንኝ ለማንበብ እጁን ያወጣል። አንዱ እንዲህ አመጣ፦

የበሬሳ ውርጩ ቢያንቀጠቅጠኝም፣
የናቴ ባና አለኝ፣ ሌላ አያስመኘኝም።

ይሄን በትዝታ ዘፈንነው። የቆርቆሮ ክራር እስካሁን ሁለት ተሠርቷል። ጠርዙን እኔ ነኝ ያጠፍኩት።

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ በዚያ ቀን ምንም አላነበበችም። በማግስቱ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የቤት ሥራ ደብተሯን ስከፍት መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ ተጽፎ አገኘሁት። ላካፍላችሁ ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች፦

ማንጎው ደርሶ ይሆን ከቤታችን ኋላ፣
ማን ይለቅመው ይሆን፣ ማን ቀጥፎ ይበላ።

እርማት አላደረግሁበትም። ቀይ እስክሪብቶውን መሬት ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ትዘፍነው እንደሆን ጠየቅኋት። "እርስዎ ይዝፈኑት፣ እኔ እሰማለሁ" አለች። ዓርብ ዕለት ዘፈንኩት፤ የማን እንደሆነ አልተናገርኩም። ሹራቧ አንገቷ ላይ ነበር።

የአንኮበሩ ወንድሜ፣ የአድዋውን ሽለላ አልተውኩትም። ለስምንተኛ ክፍል፣ ከታሪክ መምህሩ ጋር ሆነን፣ ከነምክንያቱ እናስተምረዋለን ብለን ተስማምተናል። ርዕሰ መምህሩ ገና እሺ አላለም። እለምነዋለሁ፤ መለመን ከእናቴ ጋር ለምጃለሁ።

ባሌ ቅዳሜ ከደሴ ገብቶ ልጁ በበሬ ሲፎክር ሰማ። "ይሄማ የኛ ነው" ብሎ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

ትናንት ማታ ደግሞ እናቴ ጋ ደውለን የማንጎውን ዘፈን በማሲንቆው ተጫወትኩላት። ስጨርስ ድምፅ የለም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማዬ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "ጭራው ደርቋል። እጣን አስነኪው።"