በኔትወርክ ማርኬቲንግ ዓለም ውስጥ የሚካሄድ የወንጀል ልቦለድ፦ የገዳዩ ምክንያት ያስኬዳል?

ብዕሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ነው፤ መቼቱ አባል በአባል እየሳበ የሚሸጥ፣ በምናብ የፈጠርኩት ኩባንያ ነው። ሟቿ ከሥሯ 300 ሰው ያሰለፈች አከፋፋይ ናት። ገዳዩ አባል ያደረጋት ስፖንሰሯ እንዲሆን አስቤአለሁ፤ እሷ ስትሞት ሰዎቿ ወደ እሱ ስለሚጠጉ። አሠራሩን የምታውቁ፣ ይህ ያስኬዳል? መርማሪዋ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆነች ፍንጮቹ ከመዝገብ ቢወጡ እወዳለሁ።

ቆጣሪው፦
ያስኬዳል፤ ግን እንደጻፍሽው አይደለም። ገዳዩን ከመምረጥሽ በፊት ኩባንያው ኮሚሽን የሚከፍልበትን ስልት ወስኚ።

ዩኒሌቭል ነው እንበል። ለእያንዳንዱ አባል፣ ከሥሩ እስከ አምስተኛው እርከን ያሉት ሰዎች ከሚገዙት 5 በመቶ ይታሰብለታል። አባል ሲሰረዝ ከሥሩ ያሉት አንድ እርከን ወደ ላይ ይሳባሉ፤ ኮምፕሬሽን የሚሉት ይህንን ነው። ብዙ ጸሐፊ የሚስተው ስፖንሰሩ ድሮም ከሰዎቿ ሲያገኝ እንደነበር ነው። እሷ ለእሱ አንደኛ እርከን ናት፤ ስለዚህ የእሷ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያሉት ለእሱ ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ናቸው። በሞቷ አዲስ የሚመጣለት የእሷ አምስተኛ እርከን ብቻ ነው።

እንግዲያው ዛፉን ከታች አስፊው። በላይኞቹ አራት እርከኖች 60 ሰው፣ በአምስተኛው 240። እያንዳንዱ በወር የ100 ፖይንት (ኩባንያው ለዕቃው የሚሰጠው ነጥብ) ዕቃ ቢገዛ ከ240ዎቹ 24,000 ፖይንት ይገኛል፤ 5 በመቶው 1,200። በየወሩ። አሁን ምክንያት ሆነ።

ችግሩ ግን ሞት ብቻውን ቦታ አያስለቅቅም። ወርሃዊ ትዕዛዟ ከባንክ ካርዷ በራሱ የሚቆረጥ ከሆነ፣ እሷ ከተቀበረች በኋላም አካውንቷ እንደ ንቁ አባል ይቆጠራል። ገዳዩ ትዕዛዙን ማሰረዝ አለበት። የይለፍ ቃሏን ከየት ያውቃል እንዳትዪ፤ ስትመዘገብ ቅጹን እሱ ሞልቶላት ይሆናላ። ትዕዛዙ የተሰረዘበት ሰዓት አስከሬኗ ከተገኘበት ከቀደመ መርማሪዋ ጫፉን ይዛለች። ውርስንም አትርሺ፦ በብዙ ኩባንያዎች ውል ቦታው ለወራሽ ይተላለፋል። ባል ካላት ስፖንሰሩ በከንቱ ነው የገደለው።

ጎደሎ_ደረሰኝ፦
ለምርመራ ልቦለድ እኔ ባይነሪን እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱ አባል ከሥሩ ግራና ቀኝ ሁለት ቅርንጫፍ ወይም "እግር" ብቻ ያለው ስልት ነው። እዚያ አባል ቢወጣም ቦታው ባዶውን ይቀመጣል እንጂ ዛፉ በአብዛኛው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ "ቦታዋን ፈልጎ ገደላት" የሚለው ወዲያው ይወድቃል። ክፍያው የሚሰላው ከደካማው እግር ነው። ግራው 12,000፣ ቀኙ 4,000 ፖይንት ቢያመጣ 10 በመቶው የሚታሰበው ከ4,000ው ነው፤ 400 ብቻ። ትርፉ 8,000 እንደ ኩባንያው ደንብ ወደሚቀጥለው ወር ይዞራል ወይም ይሰረዛል።

ሰውን የሚያሳብደው ይህ ደካማ እግር ነው። ያልኖሩ ሰዎች የሚመዘገቡት እሱን ለመሙላት ነው፤ ሟቿም ይህን ደርሳበት ይሆናል። በመዝገቡ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው፦ በወሩ የመጨረሻ ሌሊት በደቂቃዎች ልዩነት የገቡ 40 ትዕዛዞች፣ ሁሉም በአንድ ካርድ የተከፈሉ፣ መድረሻቸውም አንድ አድራሻ። ዕቃው ደግሞ የትም አይሄድም፤ የአንዱ ተጠርጣሪ ጋራዥ ውስጥ ካርቶኑ ሳይከፈት ተደርድሮ ይገኝ።

ፍንጩ ከደረሰኝ እንዲወጣ ከፈለግሽ የኩባንያሽን ደንብ ከአምዌይ፣ ከአሜሪካው የኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያ፣ ተዋሺ። በ1979 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አምዌይን ፒራሚድ (ገቢው ከሽያጭ ሳይሆን አባል ከማስገባት የሚመጣ ማጭበርበር) አይደለም ሲል ከተመለከታቸው ደንቦች መካከል ሦስቱ፦ አከፋፋይ ከገዛው ቢያንስ 70 በመቶውን እንዲሸጥ፣ በየወሩ ለ10 ደንበኞች መሸጡን እንዲያሳይ፣ ያልተሸጠ ዕቃ ተመላሽ እንዲሆን። አሥሩ ደንበኞች የፈረሙባቸው ደረሰኞች ሁሉ በአንድ እጅ ከተጻፉ ለሒሳብ ባለሙያ መርማሪ ከጣት አሻራ አይተናነስም።

ዝም_ያለች፦
ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ግን አንባቢ ሃያ ገጽ የክፍያ ስልት አያነብላችሁም። አንድ ስሌት ይበቃል፦ እያንዳንዱ ስድስት ሰው ቢያስገባ በ13ኛው እርከን ከ13 ቢሊዮን በላይ ሰው ያስፈልጋል። መርማሪዋ ናፕኪን ላይ ትጻፈውና ትለፈው።

ቋንቋቸውን አጥኚ። "ሽያጭ" አይሉም፣ "ዕድል" ነው የሚሉት፤ የተወውን ሰው "ከሰረ" አይሉትም፣ "ተስፋ ቆረጠ" እንጂ። ሁሉንም አጭበርባሪ ካደረግሻቸው ደግሞ ገዳዩ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቅብሻል። በቡድኑ ስብሰባ ላይ ከልቡ የሚያለቅሰውና በማግስቱ "ህልሟን እናስቀጥል" ብሎ አዲስ ሰው የሚመዘግበው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

ብዕሯ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ዩኒሌቭሉን ያዝኩ፤ የሐሰት አካውንቶቹን ለማሳሳቻነት አስገባለሁ። ግን ስፖንሰሩ ገና ሲታይ አልተጠረጠረም ትላላችሁ?

ቆጣሪው፦
ይጠረጠራል። እንግዲያው 240ዎቹን ከአምስተኛው ወደ ሟቿ አራተኛ እርከን አምጫቸው። ያኔ ስፖንሰሩ እሷ በሕይወት እያለችም ከእነሱ ይከፈለው ስለነበር ከሞቷ የሚያተርፈው እዚህ ግባ አይባልም። ከስፖንሰሩ በላይ ላለው ሰው ግን እሷ ሁለተኛ እርከን ናት፤ አራተኛዋ ለእሱ ስድስተኛ ስለነበር ሳንቲም አያገኝበትም ነበር። እሷ ስትሰረዝ አምስተኛው ይሆናል። 1,200ው የሚገባው እሱ ኪስ ነው፤ ሟቿን በአካል አግኝቷት ባያውቅም።